አሥር ሳምንት በአልባኒ፦ የእህቴ ልጅ ወርቃማ ፀጉር

አልባኒ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የኒውዮርክ ግዛትን ዋና ከተማ ነው። እኔ የማወጋችሁ ግን በሌላው የአሜሪካ ዳር፣ በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ በባሕረ ሰላጤው ምሥራቃዊ ዳርቻ ስላለችው ትንሽ ከተማ ነው። በደቡብ ከበርክሊ፣ በሰሜን ከኤል ሴሪቶ ጋር ተጣብቃ ስለምትገኝ የት ጀምራ የት እንደምታልቅ እንግዳ ሰው አይለየውም። ነዋሪዎቿ 20,000 ያህል ናቸው፤ የብሷ ስፋት አምስት ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እህቴ እዚህ መኖር ከጀመረች ቆይታለች። እኔ ደግሞ ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ መጥቼ ከእሷ ጋር ከሦስት ወር ትንሽ ያነሰ ጊዜ ተቀምጫለሁ።

ከተማዋ ስትመሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ማለት ነው፣ ስሟ ኦሽን ቪው ነበር። በዓመቱ በ1909 የመጀመሪያው ከንቲባ ፍራንክ ሮበርትስ በተወለደበት በኒውዮርኩ አልባኒ ስም ተሰየመች። ከምሥረታው በፊት የበርክሊ ሰዎች ቆሻሻቸውን በጋሪ እያመጡ እዚህ ይደፉ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የአካባቢው ሴቶች ሁለት የአደን ጠመንጃና አንድ ቀላል ጠመንጃ ይዘው መንገድ ላይ ቆሙና ባለጋሪዎቹን ከነቆሻሻቸው መለሷቸው። ራሳችንን የምናስተዳድር ከተማ እንሁን የተባለውም ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ የነገረችኝ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የእህቴ ልጅ ናት። ነግራኝ ስትጨርስ ምን አለችኝ መሰላችሁ? “አየሽ አክስቴ፣ የዚህ ከተማ ሴቶች ጠመንጃ ሲይዙ ማንም አልከለከላቸውም። እኔ ፀጉሬን ቀለም ስለተቀባሁ እማዬ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ።”

እውነቷን ነው፤ ቤቱ ስደርስ የጠበቀኝ ኩርፊያ ነው። ልጅቷ የእናቷን የመሰለ ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ ፍሪዝ ፀጉር ነበራት። በግንቦት ወር አንድ ፀጉር ቤት ገብታ በአንድ ቀን፣ በአንድ መቀመጫ፣ ከድፍን ጥቁር ወደ ብሎንድ አስቀየረችው። ቀለሙን አልዋሽም፣ አምሮባታል። የጠይም ፊቷን ብርሃን አወጣው። ነገር ግን እኔ ስደርስ ቀለሙ በልዞ ነበር፤ አንዳንዱ ቦታ ብርቱካን፣ አንዳንዱ ቦታ የሻይ ዓይነት መልክ ይዟል። ጫፍ ጫፉ ደግሞ ማበጠሪያ በነካው ቁጥር እየተቆረጠ ትከሻዋ ላይ ይረግፋል። በዚያ ላይ በበጋው ዕረፍት ሕፃናትን ዋና ለማስተማር ተቀጥራ ስለነበር በሳምንት አምስት ቀን ገንዳ ውስጥ ነው የምትውለው። አረንጓዴ ነገር ከጆሮዋ በላይ መታየት የጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው።

እህቴ አንድ መፍትሔ ብቻ ነበራት፤ መላጨት። “ይቆረጥና በራሱ ቀለም ይብቀል” ትላለች። ልጅቷ ስለ መቆረጥ ስትሰማ ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ነገሩ የፀጉር ብቻ እንዳልሆነ እኔ ለሁለቱም መናገር አልደፈርኩም። እናትየው በአዲስ አበባ ያደገችበት ትምህርት ቤት ፀጉሯን የተቀባች ልጅን ከበር ይመልስ ነበርና፣ ልጇን ሰው እንዳይንቅባት ትሰጋለች። ልጅየው ደግሞ እዚህ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት። በካሊፎርኒያ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ፍሪዝን፣ ሹሩባንና ድሬድን ምክንያት አድርጎ ሠራተኛን ወይም ተማሪን ማግለል በሕግ ተከልክሏል፤ “ክራውን” የሚባለው ይህ ሕግ በአሜሪካ ግዛቶች ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ሕጉ የሚናገረው ስለ ፀጉር ዓይነትና አሠራር እንጂ ስለ ቀለም አይደለም። ልጅቷ ግን “ፍሪዜን አልተኮስኩም፣ ቀለሙን ብቻ ነው የቀየርኩት፤ ታዲያ ምኑ ነው ማንነቴን መካድ?” ትላለች። መልስ አልነበረኝም።

በመጨረሻ የተስማማነው ኦክላንድ ያለች አንዲት የአገራችን ልጅ ፀጉር ሠሪ ዘንድ ሄደን የሷን ፍርድ ለመቀበል ነው። ከአልባኒ ኦክላንድ ለመሄድ ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ አውቶቡስ መያዝ በቂ ነው፤ ጎዳናው አልባኒን፣ በርክሊንና ኤመሪቪልን አቋርጦ ኦክላንድ መሐል ያደርሳል። ኦክላንድ ለኢትዮጵያውያንና ለኤርትራውያን እንግዳ ከተማ አይደለችም። በቴሌግራፍ ጎዳና በኩል የተሄደ እንደሆነ የእንጀራና የቡና ሽታ መንገድ ይመራል።

ፀጉር ሠሪዋ ልጅቷን አስቀምጣ መጀመሪያ ያደረገችው አንድ ዘለላ ፀጉር በውሃ አርሶ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። ጤነኛ ፀጉር እርጥብ ሆኖ ሲሳብ እንደ ላስቲክ ትንሽ ይለጠጥና ወደ ቦታው ይመለሳል። የልጅቷ ግን እንደ ማስቲካ ተንዘላዝሎ እዚያው ቀረ፤ ከዚያም ተበጠሰ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

“የኔ ቆንጆ፣ አሁን ማንጫ አልነካሽም” አለቻት። “አሥር ሳምንት ልስጥሽ። ያኔ ፀጉርሽ ከጠነከረ አሳምሬ እሠራልሻለሁ። ካልጠነከረ ግን እስከ ጆሮሽ ነው የምቆርጠው።” ወዲያው ወደ እህቴ ዞራ፣ “እትዬ፣ እርስዎም አሥር ሳምንት ሙሉ መላጨት የሚለውን ቃል አያንሱ” አለች። ይህች ሴት ፀጉር ሠሪ ባትሆን ሽማግሌ ይወጣት ነበር።

ከዚያ ነገሩን በደንብ አስረዳችን፤ እኔም ለእናንተ የምነግራችሁ ዋናው ይኸው ነው። ፀጉራችንን ጥቁር የሚያደርገው ሜላኒን የሚባለው ቀለም ነው። የማንጫው ዱቄትና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ተደባልቀው የፀጉሩን ቅርፊት ከፍተው ይገቡና ያን ቀለም ይሰባብሩታል። ቅርፊቱ እንደ ጣሪያ ክዳን ተደራርቦ የተቀመጠ ነው። አንዴ በኃይል ከተከፈተ እንደ ቀድሞው ገጥሞ አይዘጋም፤ እርጥበት በቀላሉ ይገባል፣ በቀላሉም ይወጣል። ባለሙያዎች የፀጉርን ቀለም ከ1 እስከ 10 በደረጃ ይከፍሉታል፤ 1 ድፍን ጥቁር፣ 10 በጣም የነጣ ብሎንድ ነው። የእኛ ፀጉር ያን መንገድ ሲወጣ መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ብርቱካን፣ ከዚያ ቢጫ እያለ ነው። ይህን ሁሉ ደረጃ በአንድ ቀን መዝለል ፀጉሩን ያቃጥለዋል፤ አዋቂ ባለሙያ በተለያዩ ቀናት ከፋፍሎ ይሠራዋል።

ፍሪዝ ፀጉር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በተጠማዘዘበት ቦታ ሁሉ ደካማ ነው። ከራስ ቅል የሚወጣው ወዝ በቀጥ ያለ ፀጉር ላይ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በተጠቀለለው ላይ ግን ሥሩ አካባቢ ይቀራል። ስለዚህ ለሌላው የሚበቃው እንክብካቤ ለእኛ አይበቃም።

ሌላም ጠየቀቻት፤ ከዚህ በፊት ሂና ተቀብተሽ ታውቂያለሽ ወይ አለቻት። አልተቀባችም ነበር። ጥያቄው ግን ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል። ንጹሕ ሂና የቅጠል ዱቄት ነው፤ አንዳንዱ በፓኬት የሚሸጠው ግን የብረታ ብረት ጨው የተቀላቀለበት ነው። ያ ጨው ፐሮክሳይድ ሲያገኘው ይሞቃል፣ ፀጉሩንም ያበላሻል። የተቀባ ሰው ለፀጉር ሠሪው ሳይደብቅ መናገር አለበት።

በነገራችን ላይ፣ በዓለም ገበያ የታወቀው የክሎሮክስ በረኪና ኩባንያ የተመሠረተው እዚሁ ኦክላንድ ውስጥ በ1913 ነው። በ1930ዎቹ “ፕላቲነም ብሎንድ” ተብላ የታወቀችው የሆሊውድ ተዋናይ ጂን ሃርሎው ፀጉሯን ለማንጣት ፐሮክሳይድ፣ አሞኒያ፣ የሳሙና ብናኝና በረኪና በአንድ ላይ ይደባለቅላት ነበር ይባላል፤ ፀጉሯም ክፉኛ ተጎድቶ ዊግ አድርጋለች። በረኪናን ከአሞኒያ ጋር መደባለቅ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ለፀጉር ቀርቶ ለወለል ማጽጃ እንኳ የተከለከለ ነው። በቤት ውስጥ “ቶሎ ያነጣል” የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉ።

አሥሩን ሳምንት የጀመርነው በውሃ ነው። የአልባኒ የቧንቧ ውሃ እንደ ኦክላንድና እንደ በርክሊ ሁሉ የሚመጣው በአብዛኛው ከሞከለሚ ወንዝ ነው። የሴራ ኔቫዳ ተራሮች በረዶ ቀልጦ በፓርዲ ግድብ ይጠራቀምና ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ ይደርሳል። ከተራራ በረዶ ስለሆነ ለስላሳ ውሃ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም ጥቂት ነው ያለው። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት እምብዛም አይጥልም፤ ሻምፖም በትንሹ አረፋ ይሰጣል። ለተቀባ ፀጉር ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ሳን ሆሴ ያለች የአክስታችን ልጅም ብሎንድ ናት። የሷ ሠፈር ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ጠጣር ውሃ በመሆኑ ፀጉሯ ቶሎ ይደበዝዛል፣ ይደርቃልም። መታጠቢያው ላይ የምትገጥመው ማጣሪያ የክሎሪኑን ሽታ ቀነሰላት እንጂ ጠጣርነቱን አላስወገደላትም። የረዳት በወር አንድ ጊዜ የማዕድን ዝቃጭ የሚያጥብ ሻምፖ መጠቀሟ ነው።

የገንዳው ውሃ ግን ሌላ ነገር ነው። አረንጓዴው የመጣው ከክሎሪኑ ነው ብለን ሁላችንም አምነን ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ግን መዳብ ነው አለችን። ገንዳ ውስጥ ከቧንቧ ወይም ከአልጌ ማጥፊያ መድኃኒት የሚገባ መዳብ አለ። ክሎሪን ያንን መዳብ ያዝገውና ቅርፊቱ የተከፈተው ብሎንድ ፀጉር ላይ ይለጠፋል። ጥቁር ፀጉር ላይም ሊለጠፍ ይችላል፤ ነገር ግን አይታይም። መፍትሔው ደግሞ በጣም ቀላል ስለሆነ ገርሞኛል። ፀጉር እንደ ስፖንጅ ነው፤ አስቀድሞ ንጹሕ ውሃ ከጠጣ የገንዳውን ውሃ ብዙ አይጠጣም። ልጅቷ ገንዳ ከመግባቷ በፊት ሻወር ሥር ቆማ ፀጉሯን በደንብ ታርሳለች፣ በእጇ ሙሉ ኮንዲሽነር ትቀባለች፣ ከላይ የዋና ኮፍያ ታደርጋለች። ስትወጣ ወዲያው ትታጠባለች። የያዘውን አረንጓዴ ለማስለቀቅ ያው የአክስታችን ልጅ የምትጠቀምበትን ዓይነት ሻምፖ በሁለት ሳምንት አንዴ ተጠቀመች፤ በሁለተኛው እጥበት ለቀቀ።

አሁን ወደ ሐምራዊው ሻምፖ ልምጣ፤ ቤት ውስጥ ትልቁን ሳቅ ያመጣው እሱ ነው። እህቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ገንዳው በሐምራዊ ተዥጎርጉሮ ስታየው “ደግሞ አሁን ሐምራዊ ልትሆንልኝ ነው!” ብላ ጮኸች። ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎንድ ፀጉር ተሠርቶ ሲያልቅ የቀረውን ቢጫነት የሚሸፍን ስስ ቀለም ይደረግበታል፤ ቶነር ይሉታል። እሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየታጠበ ይሄዳል፣ ከሥሩም የበለዘው ቢጫ ብቅ ይላል። ሐምራዊና ቢጫ ተቃራኒ ቀለሞች ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ድሮ ነጭ ልብስ እንዳይበልዝ መጨረሻ ማለቅለቂያው ላይ ጠብ የምትደረገዋን ሰማያዊ ቀለም አስታውሱ፤ ዘዴው ያው ነው። እህቴ ይህን ስነግራት ነው የተረጋጋችው። ብርቱካን መልክ ላለው ፀጉር ግን ሐምራዊው ብዙ አይሠራም፤ ሰማያዊው ነው የሚሻለው። የእህቴ ልጅ ፀጉር ሥሩ አካባቢ ብርቱካን፣ ጫፉ ቢጫ ስለነበር ሁለቱንም ገዛን።

እነዚህ ሻምፖዎች ቀለም ያስተካክላሉ እንጂ ፀጉር አያክሙም። በየቀኑ ከተጠቀሙባቸው ያደርቃሉ፣ ጫፉንም ያጨልሙታል። በሳምንት አንዴ፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃል። በሌላው ቀን ሰልፌት የሌለበት ለስላሳ ሻምፖ፣ ለብ ባለ ውሃ።

የቅቤው ክርክር ከዚህ ሁሉ ረጅሙ ነበር። እህቴ ከኢትዮጵያ የመጣላትን ለጋ ቅቤ አውጥታ “የእናቴ መድኃኒት ይኸው” አለች። እኔም በልጅነቴ እናታችን ፀጉራችንን ቀብታ ፀሐይ ላይ ታስቀምጠን እንደነበር አልረሳም። ቅቤ በአገራችን የፀጉር ወግ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው፤ የሐመር ሴቶችም ከቀይ አፈር ጋር አዋሕደው ነው ፀጉራቸውን የሚሠሩት። ቀለም መቀባት ከፈረንጅ የመጣ ነው የምትለውን እህቴን ዝም ያሰኘኋት በዚህ ነው። ነገር ግን ቅቤ በተቀባ ብሎንድ ላይ አንድ ችግር አለበት። ከባድ ስብ ስለሆነ ለማስለቀቅ ሙቅ ውሃና ኃይለኛ ሻምፖ ደጋግሞ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ ቶነሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ሽታው ለዋና አስተማሪ እንደማይሆን ልጅቷ የተናገረችውን አልደግመውም።

መሐል መንገድ የሆነልን የኮኮናት ዘይት ነው። በ2003 የታተመ አንድ የሕንድ ተመራማሪዎች ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይትን አወዳድሮ፣ ከሦስቱ ፀጉር ሲታጠብ የሚያጣውን ፕሮቲን የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ሞለኪዩሉ ትንሽና ቀጥ ያለ ስለሆነ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ ዓርብ ማታ፣ ከመታጠቡ በፊት፣ ከመሐል እስከ ጫፍ ይቀባል፤ ቅዳሜ ጠዋት ይታጠባል። ቅቤውን ዶሮ ወጥ ላይ አዋልነው፤ ማንም አልተከፋም።

ዓርብ ማታ ዘይቱን የሚቀባው ማን ነው በሚለው ላይ ግን ማንም ሳይናገር አንድ ነገር ተለወጠ። መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የምቀባት። በሦስተኛው ዓርብ ግን እህቴ “አንቺ እጅሽ ይቸኩላል” ብላ ማበጠሪያውን ነጠቀችኝ። ልጅቷ ወለል ላይ በእናቷ ጉልበቶች መካከል ተቀመጠች። ከጫፍ ጀምራ ወደ ላይ፣ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ፣ ፀጉሩ እርጥብ ሳለ፣ ቀስ እያለች ፈታችላት። ከዚያ ላላ ያለ ሹሩባ ሠራቻት። ላላ ማለቴን ልብ በሉ፤ የነጣ ፀጉር ግንባር ላይ ተወጥሮ ከተሠራ እዚያው ነው የሚበጠሰው። ሹሩባው ሳምንቱን ሙሉ ከፒያስትራና ከፎን አሳረፋት። ሙቀት የግድ ቢያስፈልግ እንኳ መከላከያ ቅባት አድርጎ ከ180 ዲግሪ በታች መሆን እንዳለበት ፀጉር ሠሪዋ አስጠንቅቃለች። ማታ ማታ የሳቲን ሻሽ አስራ ትተኛለች፤ የጥጥ ትራስ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ፀጉሩንም ይፈገፍጋል።

ስለ ፀሐዩም ልንገራችሁ። አልባኒ ቀዝቃዛ ናት፤ በሐምሌ እንኳ ከጎልደን ጌት ድልድይ በኩል የሚመጣው ጭጋግና ነፋስ ሹራብ ያስለብሳል። እሑድ እሑድ አልባኒ በልብ ወደሚባለው የባሕር ዳር እንሄድ ነበር። በ2024 ከተዘጋው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ጎን ሆኖ ወደ ውሃው የገባ መሬት ነው። የቆመበት የሕንፃ ፍርስራሽ ከ1963 ጀምሮ እየተደፋ የተከመረ ሲሆን፣ ዛሬ ኮንክሪቱ ላይ ሥዕል፣ ከወዳደቀ ብረትና እንጨት የተሠሩ ቅርጾች ሞልተውበታል። ቆሻሻ ጋሪዎችን በጠመንጃ የመለሱት ሴቶች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ፀሐይ የለም ብላችሁ ታስባላችሁ፤ ጨረሩ ግን በደመና ውስጥ ያልፋል። የነጣ ፀጉር ጥቁረቱ ጃንጥላው ነበር፤ ጃንጥላው ከተወሰደ በኋላ ፀሐይ ቶነሩንም ፕሮቲኑንም ታበላሻለች። ስለዚህ ኮፍያ።

የጥንት የቬኒስ ሴቶች ደግሞ ተቃራኒውን ነበር የሚፈልጉት። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ፀጉራቸው እንዲነጣ መድኃኒት ተቀብተው ሰገነት ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ፊታቸው እንዳይጠቁር አናቱ ክፍት የሆነ ሰፊ ባርኔጣ አድርገው ፀጉራቸውን በክፍቱ አውጥተው ያሰጡታል። የባርኔጣው ስም ሶላና ነው። የአልባኒ ዋና የገበያ ጎዳና ሶላኖ ይባላል፤ ግንኙነት የላቸውም፣ ነገር ግን ልጅቷ ኮፍያዋን የገዛችው እዚያው ጎዳና ላይ ስለሆነ ስሙን ሶላና አልነው።

ሌላው የእሑድ መንገዳችን አልባኒ ሂል ነበር፤ ከቤት ብዙ የማይርቅ ኮረብታ። እላዩ ላይ ያለው ደን ባሕር ዛፍ ነው! በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እዚያ የነበረ የባሩድ ፋብሪካ የፍንዳታውን ድምፅና ስብርባሪ እንዲያግድለት ነው የተከለው። ምኒልክ ለአዲስ አበባ የማገዶ እጥረት ባሕር ዛፍ ባስመጡበት ዘመን አካባቢ መሆኑ ነው። ቅጠሉን በእጄ አሽቼ ባሸተትኩት ጊዜ እንጦጦ መጣብኝ። እህቴም ዝም ብላ ቅጠሉን ኪሷ ከተተችው።

አሥሩ ሳምንት ሲያልቅ ሦስታችንም ኦክላንድ ሄድን። ሥሩ ላይ ከሁለት ሴንቲሜትር በላይ ጥቁር ፀጉር በቅሏል፤ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ፀጉር ሠሪዋ እንደ መጀመሪያው ቀን አንድ ዘለላ አርሳ ሳበች። ተለጠጠ፣ ተመለሰ። ሌላ ዘለላ ወሰደች፤ ከጫፉ ሦስት ጣት ያህል ሲቀረው ተበጠሰ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

“ሦስት ጣት ብቻ ነው የምወስድብሽ” አለቻት። የቀረው ቆመ። የነጣውን ፀጉር ደግማ አላነጣችም። በፊቷ ዙሪያ ያለውን አዲስ የበቀለ ፀጉር ብቻ በስሱ ነካችው፤ ሌላውን ሥር ጥቁር አድርጋ ተወችውና በቶነር ከብሎንዱ ጋር አዋሐደችው። እንዲህ ሲሆን የሚቀጥለው ቀጠሮ እስከ አራት ወር ሊቆይ ይችላል፤ ለፀጉሩም ለኪስም ዕረፍት ነው። የእናቷ ጥቁር ሥር፣ የራሷ ወርቃማ ጫፍ ሆነ። እህቴ ከመሬት የወደቀውን ፀጉር ሰብስባ በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠች። የትም አይጣልም፣ እንዲህ ነው ያደግነው።

ተነሥተን ልንወጣ ስንል እህቴ መስታወቱ ፊት ቆማ ሻሿን ወደ ኋላ አንሸራተተችና፣ “ይሄን ሽበትስ ምን ታደርጊልኛለሽ?” አለቻት።

ልጅቷና እኔ ተያየን። ፀጉር ሠሪዋ ግን አልሳቀችም፤ ከጆሮዋ ጀርባ ትንሽ ቀለም ቀባቻትና “ቆዳዎ ካልተቆጣ ከሁለት ቀን በኋላ ይምጡ” አለች። አውቶቡሱ ሶላኖ ጎዳና እስኪደርስ ድረስ እህቴ እጇን ከጆሮዋ ጀርባ አላወረደችም።